ሉር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ትራውትን ከጀልባ እየጎተቱ ስለ ማጥመድ

በዋሽንግተን ግዛት ብዙ ሐይቆች ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ የሚከፈቱት በአፕሪል ወር አራተኛው ቅዳሜ ነው። ቀኑ ሲቃረብ ስልኬ ዕረፍት የለውም። የሚደውሉልኝ ሲያትልና አካባቢው የሚኖሩ ያገሬ ልጆች ናቸው። አንዱ ኡበር ይነዳል፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ጡረታ ወጥቶ የሚሠራው ጠፍቶበታል። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው። «የትኛውን ሉር ልግዛ?»

ጥያቄው ይገባኛል። የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ስትገቡ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሉር ነው። ሮዝ፣ ብርማ፣ አረንጓዴ፣ ነጠብጣብ ያለው፣ ነጠብጣብ የሌለው። ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እዚያ ግድግዳ ፊት ቆሜ ብዙ ብር አፍስሻለሁ። ዛሬ ለሚደውልልኝ ሁሉ የምለው ይኼን ነው፦ ሉሩ ሦስተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው፣ ዓሣው ስንት ጫማ ጥልቀት ላይ ነው ያለው? ሁለተኛው፣ ጀልባው በምን ፍጥነት ይሂድ? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ አራት አምስት ሉር ይበቃችኋል። ካልተመለሱ ግን ሱቁን ጠቅልላችሁ ብትገዙትም በባዶ እጅ ነው የምትመለሱት።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። ሉር ማለት ከብረት፣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ተሠርቶ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ሐሰተኛ ምግብ ነው። ዓሣውን የሚያታልለው ሽታው ሳይሆን እንቅስቃሴው ነው። ትሮሊንግ ደግሞ ያንን ሉር በረጅም ክር ከጀልባው ኋላ አስከትሎ ቀስ እያሉ መጓዝ ነው። ቁጭ ብላችሁ ዓሣው እስኪመጣ አትጠብቁም። እናንተ ትሄዱበታላችሁ።

ይኼ ከለመድነው ይለያል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ያደገ ሰው ዓሣ ሲባል ትዝ የሚለው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ዋና ምግቡ ውኃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ስለሆነ የሚያብረቀርቅ ብረት አያሳድድም። አምባዛም ጭቃው ውስጥ ምግቡን በጢሙ እየዳሰሰና እያሸተተ ነው የሚፈልገው። ትራውት ግን አዳኝ ነው። በዓይኑ ያድናል። ከጆሮ ግንዱ እስከ ጅራቱ በተዘረጋው የጎን መስመር ደግሞ የውኃ ንዝረት ይሰማዋል። ከኛ ሐይቆች ጠባዩ የሚቀርበው ጫሞ ላይ ያለው ትልቁ ነጭ ዓሣ ነው፤ እሱም ትንንሽ ዓሣ አሳዶ በሊታ ነው። ትራውት ራሱም ቢሆን ለኢትዮጵያ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ፣ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ተለቋል። እዚያ ሊኖር የቻለው ውኃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። የዚህ ሁሉ ማብራሪያ ቁልፉም እሱ ነው፤ ቅዝቃዜ።

ሬንቦ የሚባለው ትራውት በደንብ የሚበላው ውኃው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን ነው። በሴልሺየስ ከ10 እስከ 16 አካባቢ መሆኑ ነው። ሌክ ትራውት የሚባለው ትልቁ ዘመዱ ደግሞ 50 ዲግሪ አካባቢ ያለውን ውኃ ይወዳል። ውኃው 70 ፋራናይት ሲጠጋ ሬንቦ ይጨነቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል፣ የዓሣው ሰውነት ደግሞ በሙቀት ጊዜ የሚፈልገው ኦክሲጅን ይጨምራል። ስለዚህ ጥሎ ይሄዳል።

ወዴት? ወደ ታች። እዚህ ላይ የሐይቅን ነገር ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ውኃ ከሁሉ ጊዜ ይበልጥ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ እየሞቀ በሄደ ቁጥር እየቀለለ ይሄዳል። ጸደይ ላይ ሐይቁ ከላይ እስከ ታች ቅዝቃዜው ተመሳሳይ ስለሆነ ነፋስ በቀላሉ ያማስለዋል። ዓሣው የትም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ላይ ነው፣ ምግቡም ፀሐዩም እዚያ ስለሆነ። አፕሪል ላይ ጀማሪ ሁሉ ዓሣ ይዞ ቤቱ የሚገባው ለዚህ ነው። ሉሩ ጎበዝ ሆኖ አይደለም።

በጋው ሲገባ ፀሐይ የላይኛውን ውኃ ታሞቀዋለች። የሞቀው ቀላል ነውና ይንሳፈፋል። ነፋስም ከታችኛው ጋር ሊያማስለው አቅም ያጣል። ሐይቁ እንደ ድርብ ብርድ ልብስ ይሆናል፦ ከላይ ሞቃት፣ ከታች ቀዝቃዛ፣ መሀል ላይ ደግሞ ሙቀቱ በጥቂት ሜትር ውስጥ ዘጭ የሚልበት ስስ ድርብርብ። ይህ መሀለኛው ቴርሞክላይን ይባላል። ጁላይ ላይ ትራውት የሚውለው እሱ አካባቢ ነው። ከላይ ሙቀት ያባርረዋል። በአንዳንድ ሐይቆች ደግሞ በጋው ሲያልቅ ከታች ያለው ውኃ ኦክሲጅኑ ተሟጥጦ ያልቅበታል። ዓሣው ከላይም ከታችም ተገፍቶ አንድ ቀጭን ወለል ላይ ይከማቻል። ያንን ወለል ያገኘ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ይውላል። ያላገኘው ባዶ ውኃ ይጎትታል።

ለማግኘት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ገመድ ላይ በየአምስት ጫማው ቋጠሮ አስሩ። ጫፉ ላይ ክብደትና ርካሽ ቴርሞሜትር እሰሩ። አውርዳችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ቶሎ ሳቡ። ወደ ታች እየወረዳችሁ ደጋግሙት። 55 ዲግሪ ፋራናይትን ስታገኙ ቋጠሮውን ቁጠሩ። ፊሽ ፋይንደር፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ ከጀልባው ሥር ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ያለው ሰው ደግሞ ማሽኑን ንቁ አድርጎ ቢያስተካክለው ቴርሞክላይኑን እንደ ስስ ጭጋግ መስመር ያየዋል።

ጥልቀቱን አወቃችሁ እንበል። ሉሩን እዚያ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። አንድ ቀጭን ማንኪያ ሉር (እንደ ማንኪያ ጎበጥ ያለ ብረት) ያለ ምንም ክብደት ከመቶ ጫማ ኋላ ብትጎትቱት ከውኃው ወለል ጥቂት ጫማ ዝቅ ቢል ነው። ለአፕሪል ይበቃል፣ ለጁላይ አይበቃም። ቀጣዩ መላ ሊድኮር ነው። ይኼ ክር በሆዱ ቀጭን እርሳስ አለው። በየ10 ያርዱ፣ ማለትም በየ30 ጫማው፣ ቀለሙ ይቀየራል። ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ አንድ ቀለም በግምት አምስት ጫማ ያህል ይሰምጣል። አራት ቀለም ከለቀቃችሁ 20 ጫማ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ፍጥነት ስትጨምሩ ግን ይነሣል፤ ስለዚህ ልኩ ግምት ነው። ከዚያ በላይ መውረድ ለሚፈልግ ዳውንሪገር አለ። ከባድ ኳስ በሽቦ ይወርዳል፣ ክራችሁ በቅንጥብ ይያያዝበታል፣ ዓሣ ሲመታ ቅንጥቡ ይለቅቀዋል። ቆጣሪው ጥልቀቱን ይነግራችኋል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ለመጀመሪያ ዓመት ሊድኮር ይበቃል ባይ ነኝ።

እንዲያው አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ትራውት ወደ ላይ አንጋጦ ነው የሚያድነው። ሉራችሁ ዓሣው ካለበት ጥቂት ጫማ ከፍ ቢል ያየዋል፣ ተነሥቶም ይመታዋል። ዝቅ ካለ ግን ሳያየው ያልፋል። ስትጠራጠሩ ወደ ላይ ተሳሳቱ።

አሁን ወደ ፍጥነት። ብዙ ጀማሪ ይፈጥናል። ሞተሩ ስለቻለ ብቻ። ለትራውት አብዛኛው ትሮሊንግ በሰዓት ከ1.5 እስከ 2.5 ማይል ባለው ውስጥ ነው። ጤነኛ ሰው በእግሩ 3 ማይል ይሄዳል። እናንተ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ርምጃ ነው የምትፈልጉት። ትንሽ ሞተር፣ መቅዘፊያ፣ የእግር ፔዳል ያለው ካያክ፣ ሁሉም ይሆናል። እንዲያውም መቅዘፊያ አንድ ጥቅም አለው። በእያንዳንዱ ቀዘፋ መሀል ሉሩ ትንሽ ይዘገያል፣ ከዚያ ይፈተለካል። እንደተጎዳ ዓሣ።

እያንዳንዱ ሉር የራሱ ፍጥነት አለው። ይኼንን በቃል መሸምደድ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ሉሩን ውኃ ውስጥ ስትለቁ ወዲያው ክር አትፍቱለት። ስድስት ጫማ ያህል ብቻ ልቀቁና ከጀልባው ጎን እየተጎተተ እዩት። ማንኪያ ሉር ከሆነ ግራና ቀኝ መወዛወዝ አለበት። ዝም ብሎ እንደ ዱላ ከተጎተተ ዘግይታችኋል። እንደ እንዝርት ከሾረ ፈጥናችኋል፤ ክሩም ይጠማዘዝባችኋል። ሉሩ ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት የተሠራ፣ ዓሣ የሚመስለው ከሆነ ደግሞ ቀጥ ብሎ እየተንቀጠቀጠ መሄድ አለበት። ወደ ግራ ካዘነበለ ክሩ የሚታሰርበትን ቀለበት በጉጠት ወደ ቀኝ ትንሽ፣ ፀጉር ያህል አጥፉት። እንደገና እዩት። ይህች የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት። የማይሠሯት ሰዎች ግን ቀኑን ሙሉ የሞተ ብረት ይጎትታሉ።

ፍጥነት ላይ አንድ ነገር ያስተማረኝ ቀን አለ። ነፋስ ከደቡብ ይነፍስ ነበር። ወደ ሰሜን ስሄድ ይመታል፣ ዞሬ ወደ ደቡብ ስመለስ ጸጥ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ዓሣው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ያለ መሰለኝ። ስልኬ ላይ ያለው ጂፒኤስ ግን በሁለቱም አቅጣጫ 1.8 ማይል ነበር የሚለው። ቆይቶ ነው የገባኝ። ጂፒኤስ የሚለካው ከመሬት አንጻር ነው። ዓሣው የሚያየው ደግሞ ሉሩ ውኃው ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ነው። ነፋሱ ውኃውን ወደ ሰሜን በ0.3 ማይል ቢገፋው፣ ወደ ሰሜን ስሄድ ሉሬ ውኃውን የሚሰነጥቀው በ1.5 ነው፤ ወደ ደቡብ ስመለስ በ2.1። ሁለት የተለያዩ ሉሮች እንደ ማለት ነው! ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ከማየት ይልቅ የክሩን ዘንበል ማለትና የዘንጉን ጫፍ አያለሁ።

የዘንጉ ጫፍ ብዙ ይናገራል። ሉሩ በትክክል ሲሠራ ጫፉ ቱክ ቱክ ቱክ ይላል፣ የእጅ ጅማት ላይ ጣት ሲያደርጉ እንደሚሰማው ያለ ምት። ምቱ ከቆመ አንድ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ መንጠቆው ሣር ይዟል። አንዳንዴ ደግሞ መንጠቆው ላይ ተይዞ ክሩን ለመጎተት አቅም ያጣ ትንሽ ዓሣ ነው። ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ ሳቡና እዩ።

ቀጥ ብላችሁ አትሂዱ፤ እባብ እንደሚሄደው እየተጠማዘዛችሁ ሂዱ። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ የግራው ዘንግ ሉር ረጅሙን ዙር ስለሚዞር ይፈጥናል፣ ከፍም ይላል። የቀኙ ይዘገያል፣ ይሰምጣል። የውጭው ዘንግ ከተመታ ዓሣው ፍጥነት ፈልጓል ማለት ነው፤ ሞተሩን ጨምሩ። የውስጡ ከተመታ ቀንሱ። አንድ መታጠፍ ሁለት ጥያቄ በአንዴ ይመልስላችኋል። ለዚህ ዘዴ የተከፈለ አንድ ሳንቲም የለም።

እንግዲህ አሁን ሉሩ ይምጣ።

የማንኪያ ሉር ስሙ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ጁሊዮ ቡዌል የሚባል አሜሪካዊ ቬርሞንት ውስጥ ሐይቅ ላይ ሳለ የሚበላበት ማንኪያ ወደቀበት ይባላል። ማንኪያው እያብረቀረቀ ሲሰምጥ ትልቅ ዓሣ ወጥቶ ዋጠው ይባላል። ታሪኩ እንደዚያ ይሁንም አይሁን፣ ሰውዬው በ1852 ለእንዲህ ዓይነቱ ሉር የባለቤትነት መብት አስመዝግቧል። ቀጭን ማንኪያ ዛሬም ለትሮሊንግ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ሰፋ ያለ ፍጥነት ይችላል፣ ርካሽ ነው፣ የትንሽ ዓሣን ብልጭታ ይመስላል።

ሁለተኛው ዓሣ የሚመስለው ነው። የዚህ ታሪክ ደግሞ ፊንላንድ ነው። ላውሪ ራፓላ ድሃ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሐይቅ ላይ ሲቀዝፍ አንድ ነገር አስተዋለ። ትልልቆቹ ዓሦች ወደ ትንንሾቹ መንጋ ሲገቡ የሚመርጡት ከመንጋው አካሄዱ ለየት ያለውን፣ የሚንገዳገደውን ነው። በ1936 ያንን መንገዳገድ ከቡሽ ጠርቦ አወጣው። ያብረቀርቅ ዘንድ የቸኮሌት መጠቅለያ ፎይል አለበሰው። ውኃ እንዳያስገባ ደግሞ የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ ቀባው። ስሙ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሱቆች ውስጥ አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ማስተዋሉ ነው። አዳኝ የሚመርጠው ጤነኛውን ሳይሆን የደከመውን ነው። ሉር ስትመርጡ ውበቱን አትዩ፣ አካሄዱ የደከመ ዓሣ ይመስላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ስፒነር የሚባለው ትንሽ የምትሽከረከር ቅጠል መሳይ ብረት ያለበት ነው። መንጠቆው ላይ ትል ይደረግበታል። ለልጆችና ለጀማሪ ግሩም ነው፤ ንዝረትም ሽታም አለው፣ ቀስ ተብሎም ይጎተታል።

ዶጀር ግን ሰውን ያምታታል። ረዘም ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ብረት ነው፤ መንጠቆ የለውም። ሥራው ከሩቅ ዓሣ መጥራት ነው። ከኋላው በአጭር ክር ትንሽ ሉር ይታሰራል። ምስጢሩ የዚያ ክር ርዝመት ነው። ትንሿ ሉር የራሷ እንቅስቃሴ ከሌላት፣ ለምሳሌ ላባ ብቻ ከሆነች፣ ክሩ የዶጀሩን ርዝመት እጥፍ ያህል ብቻ ይሁን። ዶጀሩ ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ ጅራፍ እንደሚያጮህ ሰው ይወረውራታል። ክሩን ካስረዘማችሁ ግን ያ ውርወራ ውኃ ውስጥ ይሞታል፣ ሉሯም ተዘርግታ ትቀራለች። የራሷ መወዛወዝ ያላት ማንኪያ ከሆነች ክሩ ቢረዝም ችግር የለም። ዶጀር የያዘ ሰው በሰዓት ከ1.5 ማይል ብዙ ባያልፍ ይሻላል። መወዛወዝ ትቶ መሽከርከር ከጀመረ ፍጥነቱ በዝቷል።

ቀለምን መጨረሻ ያደረግኩት አውቄ ነው። ውኃ ብርሃንን ይበላል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ነው፣ ከዚያ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ቢጫ። ሰማያዊና አረንጓዴ ጠልቀው ይሄዳሉ። ሱቅ ውስጥ እሳት የመሰለው ቀይ ሉር 40 ጫማ ላይ ጥቁር ሊመስል ይችላል። ፍሎረሰንት የሚባሉት ቀለሞች ግን የቀረውን ሰማያዊ ብርሃን ተቀብለው መልሰው ስለሚያበሩት ጥልቀት ላይም ይታያሉ። በኔ ልምድ ብሩህ ፀሐይ ሲሆን ብርማ፣ ሲጨልም ወይም ሲደምን ጥላው የሚጎላ ጥቁር ቀመስ፣ ውኃው ሲደፈርስ ፍሎረሰንት አረንጓዴ ወይም ብርቱካን። ሦስቱ ካሉኝ አልጨነቅም።

አንድ ሐይቅ ልውሰድና ሁሉንም ላገናኘው። ሌክ ዋሽንግተን፣ ሲያትል ሬይነር ቢች ሰፈር ከሚኖረው ያገሬ ሰው ቤት ጥቂት ደቂቃ ነው። ጥልቀቱ እስከ 214 ጫማ ይደርሳል። በ1950ዎቹ የከተሞቹ ፍሳሽ ይገባበት ነበር፤ ውኃው በአልጌ ደፍርሶ ነበር። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ኤድመንድሰን ምክንያቱን አስረዱ። ሕዝቡ በ1958 ድምፅ ሰጠ። ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ፍሳሹ ከሐይቁ እንዲርቅ ተደረገ። ውኃው ጠራ። በ1976 ዳፍኒያ የሚባለው ደቃቅ እንስሳ በብዛት ተመለሰና አልጌውን እየበላ ይበልጥ አጠራው። ይኼን የማወራው ለታሪክ ብቻ አይደለም። ጥርት ያለ ውኃ ማለት ዓሣው ከሩቅ ያያል ማለት ነው። ስለዚህ ቀጭን ክር፣ ከጀልባው የራቀ ሉር።

እዚያ ያለው ካትስሮት የሚባል ትራውት ነው። ካደገ በኋላ ስሜልት የምትባል ቀጭን ብርማ ዓሣ ይወዳል፤ እሷ ጣት የምታህል፣ ብትበዛ ከዚያ ትንሽ የምትረዝም ናት። ስለዚህ እዚያ ሐይቅ ላይ ሦስት ኢንች ያህል የሆነ ጠባብ ብርማ ማንኪያ ወይም ቀጠን ያለ ዓሣ መሳይ እጎትታለሁ። ሰፋፊውን ሉር ቤት ትቼ እሄዳለሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ። በዋሽንግተን 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስንት ዓሣ ይያዛል፣ የትኛው ይለቀቃል፣ ምን ዓይነት መንጠቆ ይፈቀዳል የሚለው ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል፣ በየጊዜውም ይቀየራል። የሕይወት አድን ጃኬት ደግሞ ወንበር ሥር አትወርውሩት፣ ልበሱት። አፕሪል ላይ አየሩ ሞቆ ውኃው ግን 50 ዲግሪ ፋራናይት ሊሆን ይችላል። በዚያ ቅዝቃዜ የወደቀ ሰው ዋናተኛም ቢሆን መጀመሪያ ትንፋሹን ነው የሚያጣው። እባካችሁ በዚህ አትቀልዱ። የበጋው ላይኛ ውኃ 70 ሲጠጋ ደግሞ ይዞ መልቀቅ ይቅርባችሁ። ዓሣው ከቀዝቃዛው ወጥቶ፣ ታግሎ፣ በሞቀ ውኃ ሲለቀቅ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። የምትበሉትን ያዙና አቁሙ።

ቤት ስትገቡ ደግሞ ሆድ ዕቃውን ዝም ብላችሁ አትጣሉ። ጨጓራውን በቢላ ጫፍ ሰንጥቁት። ነጭ ሳህን ላይ አፍስሱት። አንዳንዴ እንደ ወፍራም አጥሚት ያለ ነገር ይወጣል፤ ያ ዳፍኒያ ነው፣ ዓሣው ትንሽ ነገር እየለቀመ ነበር። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ብርማ ስሜልት፣ ገና ቅርፊታቸው ያልወለቀ። አውራ ጣቴን አጠገባቸው አድርጌ እለካቸዋለሁ። ከዚያ የሉር ሣጥኔን ከፍቼ ልካቸውን እፈልጋለሁ፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ መጀመሪያ ውኃ የሚነካው እሱ ነው።